ስብሰባ የተቀዳባቸው እናት

አንድ የክልል ቴሌቪዥን ጣቢያ ነበር። ሥራ ሲጀምር ማታ ማታ አንዲት ሰዓት ብቻ ነበር የሚያሳየው። ያቺ ሰዓት ስትደርስ ግን መንደሩ ጭር ይላል፤ ሰው ሁሉ በርጩማውን አንጠልጥሎ ቀበሌ አዳራሽ ይገባል። ዜና አንባቢዋ «እንደምን አመሻችሁ» ስትል አሮጊቶቹ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ አንቺስ እንዴት ዋልሽ?» ይሏታል። ከጎረቤት ሰው የታየ እንደሆነማ፣ በማግስቱ ቤቱ ድረስ ተሄዶ «እንኳን ታየህ» ይባላል። ያ ጊዜ እንዲህ ነበር፤ አንድ ሳጥን ለሁላችን ይበቃን ነበር።

የጣቢያው ካሴት ጠባቂ ጋሽ ደምሰው ይባላል። ያኔ ካሴት እንደ ልብ አይገኝም፤ አዲስ ነገር ሲመጣ በአሮጌው ላይ ይቀዳል። የቱ ይቆይ፣ የቱ ይጥፋ የሚለውን የሚቆርጠው እሱ ነው። የመሥሪያ ቤት ሰው ነውና ባለሥልጣን የተናገረበትን አይነካም። የገበሬውን፣ የሸክላ ሠሪዋን፣ የተረበኛውን ሽማግሌ ግን ያጠፋዋል። «እነሱማ የት ይሄዳሉ? ስንፈልግ ሄደን እንቀርጻቸዋለን» ይላል።

ዓመታት አለፉ። ጣቢያው ፎቅ ሠራ፣ ሌት ተቀን የሚያሳይ ሆነ። ጋሽ ደምሰውም ጡረታው ሲቃረብ፣ ይርገዱ የምትባል ሴት ለሠርግ የደረሰች ልጇን አስከትላ መጣች። የይርገዱ እናት፣ ሸክላ ሠሪዋ እማማ ዘርፌ፣ ፎቶ ዕድሜ ይቀንሳል ብለው ስለሚፈሩ አንድም ቀን ተነሥተው አያውቁም። የጣቢያው ልጆች መጥተው በአገራቸው አነጋገር ቢያጫውቷቸው ጊዜ ብቻ ልባቸው ራርቶ ተቀረጹ። በዓመቱ ሞቱ።

«ልጄ አያቷን አታውቅም፣ ጋሼ» አለች ይርገዱ። «ሳትሄድብኝ ላሳያት ብዬ ነው።»

ጋሽ ደምሰው እማማ ዘርፌ የተቀረጹበትን ካሴት በቁጥሩ ፈልጎ ከመደርደሪያው አወጣው። ጀርባው ላይ «የሩብ ዓመት ግምገማ» የሚል ተጽፎበታል፤ ጽሕፈቱ የራሱ ነው። «የለም» ብሎ ሊሸኛት ዳድቶት ነበር፤ የሙሽሪትን ዓይን ሲያይ ግን ውሸቱ አልወጣ አለው።

«ስብሰባ ቀድቼበታለሁ» አለ።

ይርገዱ አላለቀሰችም። «ምን ዓይነት ስብሰባ ቢሆን ነው እናቴን የሚያህለው? እስቲ አሳየኝ።»

ሦስቱም ቁጭ ብለው ያዩ ጀመር። ከረባት ያሰረ ይናገራል፣ ከረባት ያሰረ ያጨበጭባል።

«ይሄ ወፍራሙ ማነው?» አለች ይርገዱ።

«ኃላፊ ነበር።»

«የምን?»

ጋሽ ደምሰው ቢያስብ ቢያስብ ጠፋው። «የሆነ ነገር ኃላፊ ነበር» አለ።

«እኔ ግን እስካሁን የእማዬን ጋን የማያውቅ ሰው ገጥሞኝ አያውቅም» አለች።

ተሰብሳቢው ለምሳ ተነሣ፤ ስብሰባው አለቀ። ጋሽ ደምሰው ማጫወቻውን ሊዘጋ እጁን ሲዘረጋ የቴሌቪዥኑ መስኮት ተንሸዋረረ፣ ነጭ ነጭ ረጨ፣ ከዚያ አንድ ግቢ ብቅ አለ። ስብሰባው ከፊተኛው ዝግጅት አጥሮ ኖሮ፣ መጨረሻው ላይ ትንሽ ሳትነካ ተርፋለች። አንዲት ሴት ማሰሮ በጎናቸው ታቅፈው፣ ወደ ግራ ዘንበል እያሉ ወደ ቤት ይገባሉ። ፊታቸው አይታይም።

«በቃችሁ እንግዲህ፣ ግቡና ቅመሱ» ይላሉ ለቀራጮቹ። «ደግሞ እኔን ብሎ የሚያይ ማን ሊገኝ ነው።»

አለቀ።

ሙሽሪት እናቷን ዞር ብላ አየቻት። «እማዬ፣ አካሄዷ ያንቺ ነው።»

ይርገዱ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። «ድገመው፣ ጋሼ» አለች። ደገመው። ሠራተኛው ወጥቶ ቢሮው እስኪዘጋ ድረስ ይደግምላቸው ነበር፤ በየመካከሉም ዓይኑን እያበሰ።

እንግዲህ ትምህርቱ ይኸው ነው። ከመድረክ ላይ የሚናገረው ትልቅ ይመስለንና እሱን እንጠብቃለን፤ ደጃችን ላይ ያለውን ሰው ሁልጊዜ የምናገኘው እየመሰለን እናሳልፈዋለን። ጊዜ ሲያልፍ ግን ወፍራሙን ኃላፊ የሚጠይቅ የለም፤ የሚናፈቀው የዚያች ሴት ጀርባ ነው። ጋሽ ደምሰውን መውቀስ ቀላል ነው። ለመሆኑ የእናንተ ስልክ ሲሞላ፣ መጀመሪያ የምታጠፉት የማንን ነው?