ሦስት እንስራ የሰበረው መታጠፊያ

ተረት ልንገራችሁ። ጆሮ ያላችሁ ጠጋ በሉ፤ የጎደላችሁ ከአህያ ተዋሱ፣ እሱ ትርፍ አለው።

ድሮ ድሮ፣ ድንጋይም እንስራም አፍ አውጥተው በሚናገሩበት ዘመን፣ እንስሳት ሁሉ አንድ ኮረብታ ላይ ይኖሩ ነበር። ውሃ የሚቀዳላቸው አህያ ነው፤ ሹማቸው ደግሞ አያ ዝንጀሮ። አያ ዝንጀሮ አንድ ነገር በጠፋ ወይም በተሰበረ ቁጥር አገሩን ዛፍ ስር ሰብስቦ አውጫጭኝ ይቀመጣል። ጥፋተኛ ሳይገኝ ወደ ቤት መሄድ የለም። ሲርባቸው ታዲያ ሁልጊዜ ይገኛል።

አንድ ቀን አህያ ውሃ ጭኖ ሲመጣ የመንገዱ መታጠፊያ ላይ ተንገዳገደና እንስራዋ ወድቃ ተሰበረች። አውጫጭኝ ተቀመጡ። ማነው? አህያ ነው። አሥር ዱላ ቀመሰ፤ አነከሰ።

በሳምንቱ እያነከሰ ሲመጣ ሁለተኛዋም እዚያው ተሰበረች። ደግመው ተቀመጡ። አህያውን ደግመው ቢመቱት ውሃ የሚቀዳ ይጠፋልና፣ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዲሉ፣ ጥፋቱ እንስራዋ በታሰረችበት ገመድ ላይ ተላከከ። ሦስት ገመድ ተጨመረ፤ ሸክሙ ከበደ። ውሻም መታጠፊያው ላይ ቆሞ "ተጠንቀቅ" እያለ እንዲጮህ ታዘዘ።

በሦስተኛው ሳምንት አህያ በገመድ ተተብትቦ እያነከሰ ሲደርስ ውሻ ጆሮው ስር ጮኸ። አህያ በረገገ፤ ሦስተኛዋም እንስራ አለቀላት።

እንደገና ዛፍ ስር ተሰበሰቡ፤ አያ ዝንጀሮ ነገም አንዲት ከሰበረ አህያ ወደ ጅቦች ሸለቆ እንዲባረር ፈረደ። ደጋግመው ጥፋተኛ ሲሉት አህያም እውነት እየመሰለው መጥቶ ነበር።

ይሄኔ በማግስቱ የምትጫነው አዲሷ እንስራ ጉሮሮዋን ጠረገች።

"ጥፋተኛውን ታውቂያለሽ?" አላት ዝንጀሮ።

"እሱ ምን ይረባኛል፣ አያ ዝንጀሮ? ነገ የምሰበረው እኔ ነኝ። እህቶቼ የወደቁት የት ነው?"

"መታጠፊያው ላይ።"

"ሦስቱም?"

"ሦስቱም።"

"ታዲያ እዚህ ዛፍ ስር ምን እንሠራለን?"

ተያይዘው ወረዱ። መታጠፊያው ላይ ያለውን ድንጋይ ሲጠይቁት፣ ከላይ የሚመጣ ቦይ ስሩን በልቶት ከክረምት ጀምሮ እንደሚነቃነቅ፣ የረገጠውም ሁሉ እንደሚንገዳገድ ነገራቸው።

"ለምን ዝም አልክ?" አሉት።

"እናንተ 'ማነው?' እያላችሁ፣ 'እኔ ነኝ' ብዬ ዱላ ልጥራ?"

ቦዩን ተከትለው ሽቅብ ቢወጡ የአያ ዝንጀሮ የበቆሎ ማሳ ውስጥ ገቡ። ከማሳው ውሃ ለማስወጣት ቦዩን የቆፈረው እሱ ራሱ ነበር። እንስሳቱ ተያዩ፤ አውጫጭኝ ለመቀመጥም ሣር ሣሩን ያዙ። አህያ አሥሩ ዱላ ጎኑ ላይ ቆጠቆጠው፣ ልቡም ዱላውን ለዝንጀሮ ፈቅዶ ነበር። ግን ነገም በዚያው መንገድ የሚሄደው እሱ ነው።

"ዝንጀሮ መቶ ቢገረፍ ቦዩ አይዞርም" አለ። "ይልቅ ዶማ አምጡ።"

ቦዩ ወደ ሌላ አቅጣጫ ዞረ። የድንጋዩ ስር ተሞላ። ትርፉ ገመድ ወለቀ፣ ውሻም ወደ በሩ ተመለሰ። እንስራዋ ግን ወዲያው አላመነችም፤ አያ ዝንጀሮን ድንጋዩ ላይ አውጥታ አዘለለችው። ከባድ ዝናብ በዘነበ ማግስትም ደግማ አዘለለችው። ድንጋዩ አልተነቃነቀም። ከዚያ ወዲያ አህያ እያፏጨ ውሃውን ያመላልስ ጀመር።

እኔም ያየሁትን ሳይሆን የሰማሁትን ነገርኳችሁ፦ ወዳቂን የመታ ለዛሬ ይረካል፤ ማደናቀፊያን ያነሳ ለነገ ያሻግራል።