የሰንበሌጥ ሜዳ ፈላስፎች ለምን ከመድረክ ይወርዳሉ

በየዓመቱ ታኅሣሥ ሲጋመስ፣ አጨዳው አልቆ መንገዱ ሲደርቅ፣ የአካባቢው ኮሌጆች የፍልስፍና መምህራን ሰንበሌጥ ሜዳ ላይ ለሦስት ቀን ይሰበሰባሉ። የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው አዳራሽ፣ ሲፈልግ የሚሠራ ማይክሮፎን፣ አንገት ላይ የሚንጠለጠል የስም ካርድ፣ ሁሉም እንደ ማንኛውም ጉባኤ ነው። እንግዳ የሚደናገረው ጥያቄ ሲነሣ ነው። ጽሑፍ ያቀረበው ሰው የቱንም ያህል ማዕረግ ቢደረድር፣ ጥያቄ ሲቀርብለት ከመድረክ ይወርድና ጠያቂው ወዳለበት ሄዶ፣ አጠገቡ ቆሞ፣ ጥያቄውን መልሶ ይነግረዋል። ጠያቂው «ይኸው ነው» እስኪል ድረስ አንዲት ቃል መመለስ አይፈቀድለትም። አንድ ጊዜ ከሩቅ የመጣ ምሁር ይህ ጊዜ ማባከን ነው፣ አልወርድም ቢል፣ አዳራሹ በሙሉ ዞሮ ሲያየው በመጨረሻ እየተነጫነጨ ወረደ ይባላል። የአገሩ ሽማግሌዎች ልማዱ ከየት እንደመጣ ሲጠየቁ ቶሎ አይናገሩም፤ የሚያኮራ ታሪክ አይደለምና።

እንደሚነገረው፣ አዳራሹ ሳይሠራ፣ ኮሌጅ የሚባል ነገር ሳይታሰብ፣ የዙሪያው አገር ሊቃውንት በዚያው ወር እዚያው ሜዳ ላይ ዳስ ጥለው በዓመት አንድ ጊዜ ይከራከሩ ነበር። መስማትም መጠየቅም ለመጣ ሁሉ ክፍት ነው፤ ያሸነፈውም ሰው እስከ ከርሞ ድረስ የጉባኤው ወንበር የእሱ ይሆናል። በዚያ ዘመን መምህር ወልደ ሐና የሚባል፣ አንደበቱ የሚጣፍጥ፣ ደረቱ ነፋ ያለ፣ ተማሪዎቹ ከአፉ የሚወጣውን እየለቀሙ የሚጽፉለት ሰው ነበር። ይህ ሰው ሦስት ዓመት ደክሞ ስለ ውሸት መጽሐፍ ጻፈ። የመጽሐፉ ፍሬ ነገር አጭር ነው፤ ውሸት የምትኖረው በአንደበት ብቻ ነው፣ ስለዚህ ዝም ያለ ሰው ዋሸ አይባልም። በዚህ መጽሐፍ ወንበሩን እንደሚይዝ ማንም አልተጠራጠረም፣ እሱማ ጭራሽ።

የጉባኤው ዕለት ሊቃውንቱ አንድ በአንድ ሊረቱት ሞክረው አቃታቸው። ነገሩ ሊያበቃ ሲል ትርንጎ የምትባል መበለት ከኋላ ተነሣች። ትርንጎ ከወንዙ ዳር ቆዳ እየፋቀች ብራና የምታዘጋጅ ሴት ናት፤ በዳሱ ውስጥ ያሉት ሁሉ የሚጽፉት እሷ በፋቀችው ብራና ላይ ነው፣ ይሁንና ልብሷ ላይ የሚቀረውን የቆዳ ሽታ ስለሚጠየፉ አጠገቧ የተቀመጠ አልነበረም። በሰው ፊት መናገር ባትለምድም ጠየቀች።

«መምህር፣ ባለፈው ክረምት አንድ መንገደኛ በደጄ ሲያልፍ አፍንጫውን ያዘ። እንዲያ ይዞ ወንዙ ያሻግር እንደሆነ ጠየቀኝ። እንደሞላ አውቃለሁ፤ ግን ተናድጄ ዝም አልኩት። ዝምታዬን እሺታ አድርጎ ገባ፣ ውሃው ወሰደው። እኔ አልዋሸሁትም?»

ወልደ ሐና ጥያቄው ገባው። ገና «ዝም አልኩት» ስትል ነው የገባው፤ የሦስት ዓመት ድካሙ በዚች አንዲት ጥያቄ ፈረሰ። ሴትዮዋ ልትከራከረው እንዳልመጣችም ገብቶታል፤ የሰው ነፍስ ከብዷት፣ የሚፈርድላት ወይም የሚፈርድባት ፍለጋ ነው የመጣችው። ነገር ግን ሰው ሁሉ እያየው ነው፣ ወንበሩም እጁ ሊገባ ትንሽ ቀርቶታል። ፈገግ ብሎ ወደ ሊቃውንቱ ዞረና «ጥያቄው አልገባኝም» አለ።

ሰው ሳቀ። ትርንጎ ደገመችው፤ አሁንም አልገባኝም አላት፤ ከሊቃውንቱም አንዱ እዚህ የምንነጋገረው ስለ ውሸት እንጂ ስለ ወንዝ አይደለም ብሎ ቀለደባት። ሦስተኛ ስትጀምር ቃላቱ ተምታቱባትና ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳብ አድርጋ ወጣች። ወንበሩን ለወልደ ሐና ሰጡት።

ያ ዓመት ለወልደ ሐና የእፍረት ዓመት ሆነ። ብራና በዘረጋ ቁጥር የትርንጎ እጅ ይታየዋል። ተማሪዎቹ መጽሐፉን በቃላቸው ሲወጡለት አንገቱን ይደፋል፤ በገዛ መጽሐፉ ቢለካ እንኳ ዋሽቷልና፣ «አልገባኝም» ያላት በአንደበቱ ነው። ሄዶ ይቅርታ ሊጠይቃት በየሳምንቱ ይነሣል፣ በየሳምንቱም ምክንያት አያጣም፤ ጾሙ ይውጣ፣ ዝናቡ ያባራ፣ ጉንፋኑ ይሻለኝ። እንዲህ እያለ ኅዳር ሲገባ፣ ጉባኤው ሲቃረብ፣ እፍረቱ ከፍርሃቱ በለጠና ሄደ።

ትርንጎን የተወጠረ ቆዳ ስትፍቅ አገኛት። ቆሞ፣ ዓይን ዓይኗን ሳያይ፣ የመጣበትን ነገራት።

«ገብቶዎት ነበር?» አለችው።

«ገብቶኝ ነበር።»

መፋቂያዋን አስቀመጠች። ከዚያ ከጉባኤው ቀን ወዲህ ነገሩን ለነፍስ አባቷ እንኳ እንዳልተናገረች ነገረችው፤ እንደ እሱ ያለ ሊቅ ካልገባው፣ የሠራሁት ሥራ በሰው ቋንቋ የማይነገር ነው ብላ ዓመቱን ሙሉ ብቻዋን ተሸክማው ኖራለች። ወልደ ሐና መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። መልሱን እዚያው ሊነግራት ሲጀምር ግን በእጇ አስቆመችው። የሳቁብኝ ሰዎች እዚህ አይደሉም አለች።

ጉባኤው በተሰበሰበ ጊዜ ወልደ ሐና ከወንበሩ ተነሥቶ በሰው መካከል እያለፈ እስከ ዳሱ ጫፍ ሄደ፣ ትርንጎም አጠገብ ቆመ። መንገደኛ ስለ ወንዙ እንደጠየቃት፣ ተናድዳ ዝም እንዳለችው፣ ውሃም እንደወሰደው፣ ይህም ውሸት መሆን አለመሆኑን እንደጠየቀች ጮክ ብሎ ተናገረና ይኸው እንደሆነ ጠየቃት። ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች።

«አንድ ነገር አስቀርተዋል።»

ያስቀረውን ያውቀዋል። ያስቀረው በዙሪያዋ የተቀመጡት ሰዎች ያን ጊዜም ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ ስለያዙ፣ እሱም አምና ከነሱ አንዱ ስለነበረ ነው። እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ፤ መንገደኛው በደጇ ሲያልፍ አፍንጫውን እንደያዘ ተናገረ። ነጠላዎቹ አንድ በአንድ ወረዱ።

«ይኸው ነው» አለች ትርንጎ።

ወልደ ሐና ለመጀመሪያ ጊዜ አንቱ ብሎ መለሰላት። «ዋሽተውታል። እኔም አምና እዚሁ ዳስ ውስጥ ዋሽቼዎታለሁ።»

ትርንጎ ቁጭ ብላ አለቀሰች። አንዳንዶች ቀለላት ይላሉ፣ ሌሎች ደግሞ ያን ጊዜ ነው የባሰ የከበዳት ይላሉ፤ የሚስማሙበት ግን በማግስቱ ተነሥታ የመንገደኛውን አገር አጠያይቃ እናቱ ወዳለችበት እንደሄደች ነው። ወልደ ሐና ወደ ወንበሩ አልተመለሰም። ከእሱም በኋላ ደፍሮ የተቀመጠበት ባለመኖሩ፣ እዚያው ሜዳው ላይ ምስጥ በላው ይባላል።

ዛሬ ከመድረኩ እስከ አዳራሹ የኋላ ረድፍ ሃያ ሁለት እርምጃ ነው። በጉባኤው ሰሞን የአገሩ ሰዎች በመስኮት ተደግፈው፣ ክርክሩን ሳይሆን የሚወርደውን ሰው አረማመድ ይመለከታሉ። ጥያቄው ያልገባው ሰው ሊሰማ ፈጥኖ ይመጣል፤ የገባው ግን ቀስ እያለ ነው የሚራመደው።