ሁለት ሺህ አምስት መቶ ሃያ አንድ ሽምብራ

አንድ ሰው ነበረ፤ ገበሬ ነው፣ ቁጥር ሲያይ ግን ልቡ ይጠፋል። መኳንንት፣ ወንድምህ ሽማግሌ ቢልክብህ «ማን እንደበደለ ሳላጣራ አልታረቅም፤ ምን ያህል ባጣራ ይበቃኛል?» ብለህ ጠየቅኸኝ አይደል? እንግዲያው ይህን ሰው ስማልኝ።

ሰውየው አንድ ቀን በሰፌድ ያለ ሽምብራ ቢቆጥር ሁለት ሺህ አምስት መቶ ሃያ አንድ ሆነ። ቁርበት አንጥፎ በእኩል መስመር ይደረድረው ጀመር። ሁለት ሁለት ቢያደርገው አንድ ተረፈ። ሦስት ሦስት ቢያደርገው አንድ። አራትም አምስትም እንደዚያው፣ እስከ አሥር ድረስ ያቺው አንዲት ፍሬ! «ቆይ ብቻ፣ እኩል የሚያካፍልሽን ሳላገኝ አልተኛልሽም» ብሎ ማለ። ከአሥር በላይ ደግሞ አንዳንዴ ሁለት፣ አንዳንዴ አሥራ ሁለት ይተርፋል እንጂ እኩል አልሆን አለው።

ሃምሳን ሞክሮ እንደጨረሰ እህቱ ከወንዝ ማዶ ላከችበት። እናት አባቱ ሞተው ያሳደገችው እሷ ናት። «ታምሜአለሁ፤ ዓይንህን ልየው» አለች። «መጣሁ በሏት፣ ትንሽ ነው የቀረኝ» አለ። ምኑ ነው ትንሽ! በቀን አንድ ቁጥር እየደረደረ ሃምሳ አንድ፣ ሃምሳ ሁለት ይላል። ደግማ ላከች። «ነገ» አላት። አይወዳትም እንዳትል፣ ማር እንኳ አስቀምጦላት ነበር።

ስልሳ ላይ ሲደርስ የእህቱ ባል፣ ሸማኔው፣ ራሱ መጣ። ነጠላውን አዘቅዝቆ ነበር። ሰውየው እህቱ መሞቷ ገባው።

«እስከ መጨረሻዋ ድረስ በሩን ስታይ ነበር» አለው ሸማኔው። «ምን ይዞህ ነው?»

እያለቀሰ ቁርበቱን አሳየው። ሸማኔው ዞሮ በወዲያኛው ጎን ተቀመጠና በጣቱ ቆጠረ።

«በአንተ በኩል ስልሳ ስልሳ ነው፤ በእኔ በኩል ግን አርባ ሁለት አርባ ሁለት ነው። አርባ ሁለትን አልሞከርከውም ነበር?»

«ሞክሬዋለሁ።»

«ታዲያ እሱኑ አዙረህ ነው የደረደርከው። ሁለቱም ጎን ከሃምሳ እንዲበልጥ ሽምብራው አይበቃም። አንዱ ጎን የግድ ያጥራል፣ አጭሩን ደግሞ አንድ በአንድ አይተህ ጨርሰሃል። ይህ ቁጥር ከአንድና ከራሱ በቀር ለማንም እኩል አይካፈልም። ሃምሳ ላይ ያለቀ ነገር ነው፣ ወንድሜ።»

ሃምሳ ላይ! ያን ቀን እኮ እህቱ በሕይወት ነበረች። አሥር ቀን ሙሉ ጠብቃዋለች። ሰውየው ሽምብራውን ረግጦ ወንዙን ተሻገረ፤ የደረሰው ግን ለመቃብሯ ነው።

አየህ መኳንንት፣ አንተም ከመስከረም ጀምሮ ወንድምህ ያለህንና አንተ የመለስክለትን ስትደረድር ከረምክ። በደለኛው ጥርት ብሎ ተለይቶ የሚወጣ ቢሆን እስካሁን ባገኘኸው ነበር። ከእንግዲህ የምታጣራው ያየኸውን አዙረህ ነው። አንድ ነገር ይተርፍሃል፣ አውቃለሁ፤ ያንገበግብሃልም። ይትረፍ! ሽማግሌዎቹ ደጅ ተቀምጠዋል፣ ወንድምህም ዛሬ አለ። በል ተነስ።