የየኔታ ኤሊ የሩጫ ትምህርት

ተረት ላውጋችሁ? አውጋን በሉኝ።

የኔታ ኤሊ የፍየል ግልገሎችን ያስተምሩ ነበር። የሰውነት ማጎልመሻ ሰዓት ሲደርስ ሁሉንም አስቀምጠው፣ «ጅብ ሲመጣ ምን እናደርጋለን?» ብለው ይጠይቃሉ።

«እንሮጣለን» ይላሉ ግልገሎቹ በአንድ ድምፅ።

ቡራቡሬ የምትባለው ግልገል ብቻ አርፋ መቀመጥ አይሆንላትምና ሁልጊዜ ትባረራለች፤ ደጅ ስትዘል ትውላለች።

አንድ ቀን ጅብ እውነትም መጣ። ግልገሎቹ እንደተቀመጡ «እንሮጣለን» አሉ፤ ሲቀርባቸው ድምፃቸውን ጨመሩ። የኔታ አንገታቸውን ወደ ውስጥ ሰበሰቡ።

ጸጥ ሲል ብቅ ቢሉ፣ ከጅቡ ሩቅ ሮጣ አምልጣ የተመለሰችው ቡራቡሬ ብቻ ቆማ ታለከልካለች።

«ጅብ ሲመጣ ምን እናደርጋለን?» አሏት።

«እኔ እንጃ የኔታ፤ ትምህርቱ ላይ አልነበርኩም።»

የኔታ ግራ ገባቸው። ዜሮ ጻፉላትና፣ አሥር ካሥር ያገኙትን በየስማቸው ጠሩ። አቤት የሚል ጠፋ።

ተረቴን ሰጠሁ፤ ዳቦዬን አቀብሉኝ።