ጭዱ የጠጣው ቀለም

አቶ ልዑልሰገድ የጨርቅ ማቅለሚያ ፋብሪካቸውን ቀይ እጣቢ ወደ ወንዙ ይለቃሉ፤ የመንደሩ ሰውም ሌላ ውሃ የለውምና ያንኑ ይጠጣል። አንዲት ምላሰኛ ሴት ግን ውሃ የምትቀዳበትን ቦይ በጤፍ ጭድ ሞላችው። ጭዱ ቀለሙን መጠጠና ደም መሰለ፤ ውሃው ጠርቶ ወረደ።

አቶ ልዑልሰገድ ይህን ሲሰሙ ዘበኞቻቸውን አስከትለው መጡና በሰው ፊት ጮኹባት።

«አንቺ ሌባ! ይህ ቀለም ከውጭ ያስመጣሁት ንብረቴ ነው። ከፋብሪካዬ የወጣውን አንድ ጠብታ ሳታስቀሪ መልሺ!»

ሴትዮዋ ጎንበስ ብላ እጅ ነሳች።

«እሺ ጌታዬ፤ ጭዱ የጠጣውን አሁኑኑ ያስጭኑት። እኛ የጠጣነውን ደግሞ ጠዋት ጠዋት ጀሪካን ይዘው በየጓሯችን ብቅ ይበሉ፤ አንድ ጠብታ አናስቀርብዎትም።»