ጥርስ ያሠራው ጭራቅ

«ተረት ተረት!»

«የመሰረት!»

ጠጋ ጠጋ በሉ እንግዲህ። የፈራ የወንድሙን እጅ ይያዝ። እኔም ስነግራችሁ እፈራለሁ።

በድሮ ጊዜ አንጓች የምትባል ቀንድ ጠራቢ ነበረች። የበሬ ቀንድ በእሳት እያለሰለሰች ዋንጫና ማንኪያ ትሠራለች። ያለቻት አንዲት ልጅ ብቻ ናት፤ ስንዱ ትባላለች።

ከወንዙ ማዶ ደግሞ ጭራቅ ይኖር ነበር። አጥንት ሲቆረጥም ኖሮ ኖሮ ጥርሱ አንድ ሳይቀር ረገፈ። አንድ ቀን ስንዱ ውሃ ልትቀዳ ስትወርድ አፈፍ አደረጋትና ዋሻው ውስጥ ከተታት። ከዚያ አንጓች ደጅ መጥቶ ጮኸ።

«አንቺ ሴትዮ! ከቀንድሽ ጥርስ ሥሪልኝ። ከተመቸኝ ልጅሽን እሰጥሻለሁ። ካልተመቸኝ ሳላላምጥ እውጣታለሁ!»

አንጓች «ልጄን! ልጄን!» እያለች ተከተለችው። እጇን እስከ ክርኗ አፉ ውስጥ ከትታ ድዱን በሰም ለካች። አፉ ይሸታል፣ ኧረ አይጣል ነው!

የመጀመሪያው ጥርስ ሰፋው። ገና «እህ» ሲል ወልቆ ወደቀ። ጭራቁ ተናዶ ስንዱን በአንድ እግሯ አንጠለጠላት።

ሁለተኛው ጠበበው። ድዱን ላጠውና አፉ ደም በደም ሆነ። ሲያገሳ ዋሻው ተንቀጠቀጠ። ስንዱን እስከ ወገቧ ዋጣትና መልሶ ተፋት።

«እማዬ!» አለች ልጅቷ።

«ነገ የመጨረሻሽ ነው!» አለ ጭራቁ።

አንጓች ቤቷ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ጣሪያው ላይ ያለው ቁራ አናገራት።

«ስንዱ የወተት ጥርሷ ሲነቀል ወደ ጣሪያው እየወረወረች ‹ቁራ፣ እንካ አሮጌውን፣ አምጣ አዲሱን› ትለኝ ነበር። ሦስቱ እኔ ጋ አሉ። ከፊት ትከያቸው፤ ስንዱን ያውቋታል። ብቻ አንዴ ከገባ እንዳይወልቅ አድርገሽ ግጠሚው።»

አንጓች ቁራው የሰጣትን የስንዱን ጥርሶች ከፊት ተክላ ሦስተኛውን ሠራች። ውስጡን ጥላሸት ቀብታ ጭራቁ አፍ ውስጥ አስገባችና አወጣችው። ጥላሸቱ የለቀቀበት ቦታ የሚቆረቁረው ነው። ያንን ፋቀች። ደግማ ቀባች፣ ደግማ ፋቀች። ፈርታለች፣ ግን አልቸኮለችም።

«አሁንስ ይቆረቁርዎታል፣ ጌታዬ?»

«አይ... የራሴ መሰለኝ!»

«እንግዲያው ልጄን ይስጡኛ።»

ጭራቁ ሳቀ። «ጥርስ ሳይሞከር? በእሷው እሞክረዋለሁ!»

ወይኔ! ስንዱን ብድግ አድርጎ አፉን ከፈተ። አንጓች ዓይኗን ልትጨፍን ፈለገች፣ አልቻለችም። ቁራው ዋሽቷት ቢሆንስ?

ሦስቱ ጥርሶች የስንዱን ክንድ ነኩ። ነኩና አወቋት። ቀጭ! ዞረው የጭራቁን ምላስ ነክሰው ያዙ። ስንዱን ጣለና ጥርሱን ለማውለቅ ጎተተ፣ ጎተተ። ልክክ ብሎ ገጥሞ የለ፣ ከየት ይወልቃል! ሊጮህም አፉ አልከፈት አለው። እያጉረመረመ ወደ ጫካ ገባ። ዛሬም ነጎድጓድ ሲያጉረመርም እሱ ነው የሚሉ አሉ።

አንጓች ልጇን አዝላ ሮጠች። ቤት ሲደርሱ ስንዱ ሳቀች። ባዶ በነበረው ድዷ ላይ ሦስት አዳዲስ ጥርሶች ብቅ ብለው ነበር።

አያችሁ ልጆቼ፣ መፍራት አያሳፍርም። አንጓችም እየፈራች ነው በጥንቃቄ የሠራችው። ጭራቁ ግን ቃሉን አጠፈና በገዛ አፉ ተቀጣ።

ተረቴን መልሱ፤ ጥርስ ለሌለኝ ለእኔ ከዳቦው ለስላሳውን ቁረሱ።