እመት ትርንጎና መብራት የጠጣው ምንጭ

ያዩት ካለፉ ቆይተዋል፤ የሰሙት ግን ዛሬም አላለቁም። እነሱ እንደሚሉት፣ ጎሽ ውኃ በሚባል አገር እመት ትርንጎ የተባሉ ምላሳቸው የማይታጠፍ ባልቴት ነበሩ። ኑሯቸው ከአንዲት ምንጭ በሚወርድ ውኃ የሚለማ የነጭ ሽንኩርት መደብ ነው። ምንጯ ካለች አሉ፤ ከሌለች ያው ነው።

የአገሩ ገዥ ፊታውራሪ ሸዋንግዛው ባሕር ማዶ ደርሰው ሲመለሱ ሁለት ነገር አመጡ፤ በውኃ እየዞረ መብራት የሚሰጥ ሞተርና ሞተሩን የሚያውቅ ሙሴ ጋስቶን የሚባል ፈረንጅ። ምንጯን በቦይ ጠልፈው ወደ ግቢያቸው መለሷት። ሕዝቡን ሰብስበውም አምፖሏን በቀትር አበሯት፤ እስኪመሽ መታገሥ አቅቷቸው ነው። ፀሐዩ ከመክረሩ የተነሣ መብራቷ መብራቷን ያወቀ ሰው አልነበረም፤ ቢሆንም እልልታው ቀለጠ። ፊታውራሪ ተነሥተው፣ «ሥልጣኔ ገባላችሁ። ይቺ መብራት የኔ አይደለችም፣ የናንተ የሕዝቡ ናት» ቢሉ፣ እመት ትርንጎ ከኋላ ሆነው እንዲህ አሉ፦

«የኛ ከሆነችስ ጌታዬ፣ ምን ስትል እርስዎ ቤት ታድራለች?»

ወር ሳይሞላ የመንደሩ መደብ ሁሉ አረረ። ሕዝቡ አቤት ሊል ወደ ግቢ ሲወጣ ሙሴ ጋስቶን የውኃ መለኪያውን እያሳየ ውኃው ሞልቶ መትረፉን አስረዳ። መለኪያው የተተከለው ፊታውራሪ ገንዳ ውስጥ ነው፤ እሱ ምን ያድርግ፣ ያየውን ነው የተናገረው። እመት ትርንጎ የደረቀ ሽንኩርታቸውን ከመቀነታቸው ፈትተው ምንጣፉ ላይ ዘረገፉት።

«አንሺልኝ ይሄን» አሉ ፊታውራሪ። «መሣሪያ ውኃ አለ ካለ አለ ነው። ከሙሴ ጥበብና ካንቺ ሽንኩርት የቱን ልመን?»

«ሙሴን ይመኑ ጌታዬ። የኔ ሽንኩርት ፊደል አልቆጠረም፤ ውኃ መኖሩን ሳይሰማ ነው የደረቀው።»

ነገሩ ወደ ዳኛ ሄደ። ዳኛው ግራዝማች አዘናው ነበሩ፤ ምሳቸውም እራታቸውም ከፊታውራሪ ማዕድ ነው። ያኔ ከሳሽ የሚምለው በገዥው ስም ነበርና እመት ትርንጎን «ማዪ» አሏቸው። እሳቸውም ቀኝ እጃቸውን አንሥተው፣ «ውኃዬ ተወስዷል፤ ፊታውራሪ ሸዋንግዛው ይሙቱ» አሉ። ዳኛው ወደ ሌላ ጥያቄ ሊያልፉ ሲሉ፣ «ፊታውራሪ ይሙቱ» አሉ ደግመው። ከዚያም ወደ ፊታውራሪ ዞር ብለው ፊታቸውን በደንብ አይተው፣ «ይሙቱ» አሉ።

ችሎቱ ሳቁን በነጠላ አፈነ። «አንቺ ሴት፣ አንዴ የማለ ሰው ይበቃዋል እኮ» አሉ ዳኛው።

«እንዲይዝልኝ ብዬ ነው ጌታዬ።»

ግራዝማች አዘናው ፍርድ ሰጡ፦ ምንጯ ለሁለቱም ወገን ካልበቃች በሙሴ ጥበብ ትስፋ። ሙሴ ጋስቶን ምንጯ አፍ ላይ ድማሚት አጠመደ። ድማሚቱ ሲጮህ ቋጥኙ ተሰነጠቀ፤ ውኃውም በስንጥቁ ሾልኮ ምድር ሆድ ገባና በዚያው ቀረ። ሞተሩ ቆመ፣ አምፖሏ ጠፋች፣ የሽንኩርቱም መደብ የአይጥ መፈንጫ ሆነ። በማግስቱ አዋጅ ነጋሪው ነጋሪት እየጎሰመ፣ «ድማሚቱ በሚገባ ፈንድቷል፤ ሙከራው ሰምሯል» ብሎ ለፈፈ።

ሕዝቡ ምንጯን መልሱልን እያለ ቢመላለስ መልሱ ሁሌ አንድ ሆነ፦ ጉዳዩ በጥናት ላይ ነው፤ ጥናቱም ለሙሴ ተሰጥቷል። በመጨረሻ እመት ትርንጎ ከል ለብሰው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ የመንደሩን ሴቶች አስከትለው ሙሾ እያወረዱ ግቢውን ሞሉት። ፊታውራሪ ጫማ ሳያደርጉ ደንግጠው ወጡ።

«ማን ሞተ?»

«ምንጫችን ናት ጌታዬ።»

«ስንቴ ልንገርሽ? ጥናቱን ለሙሴ ሰጥቼዋለሁ አልኩሽ።»

«እሱ እኮ ነው የባሰ ያስለቀሰን፤ የሞተችብን እኛ፣ ጥናቱ የተሰጠው ለሙሴ።»